ከጋሽ በላይነህ ድምፅ ጀርባ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ። ሰፈር ውስጥ «የእገሌ ቤት በር ማንም ሳይነካው ይከፈታል» ሲባል «ታዲያ አናጢ ጥሩለት» የምል፣ እናቴ «ኧረ ተይ አንቺ ልጅ» እያለች የምታማትብብኝ፣ በሒሳብ መምህሩ አባቴ የወጣሁ፣ ማስረጃ ካላየሁ ንቅንቅ የማልል ሰው። ስለዚህ አሁን የማወጋችሁን ስትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ድሮም የሆነ ነገር አለባት» እንዳትሉ፣ እመኑኝ፣ ምክንያቱን የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ደስታዬ ነው፣ እስካሁን ግን አላገኘሁም። ደግሞ ሌሊት አልነበረም፣ መብራትም አልጠፋም፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ካዛንቺስ መሃል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታች ወያላው እየጮኸ፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታ።

ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አዲስ አበባ ውስጥ መበራከት በጀመሩበት ጊዜ ነው። እኔና ራሄል አንዱ ጣቢያ ውስጥ እንሠራ ነበር። ራሄል ማለት ለኔ እህት ናት፣ ኡራኤል ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ አድገናል፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል፣ ሲበርዳት የኔን ሹራብ ትለብሳለች፣ እኔ ሲርበኝ የሷን ምሳቃ እከፍታለሁ፣ እንዲያ ነበርን። «ከቤትዎ ይደውሉ» የሚባለውን የቅዳሜ ዝግጅት ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ማለቴ፣ ለመኩራራት ሳይሆን ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ነው የምነግራችሁ። አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ማኪያቶ አዝዘን እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ እናነሳለን፣ ሰው ከየቤቱ እየደወለ ያወጋል፣ በቃ። ራሄል አነበበችውና «አቤት ሰብልዬ!» ብላ በሰው ፊት አቀፈችኝ። እኔ ከአለቃ ጋር መነጋገር ስለማልወድ ለሥራ አስኪያጁ ያቀረበችው እሷ ናት። ስምምነታችን ግልጽ ነበር፣ መጀመሪያ እሷ ማይክ ላይ ትሆናለች፣ እኔ ጽሑፉን እጽፋለሁ፣ ስልክም እቀበላለሁ፣ ሥራው ሲለመድ እንቀያየራለን። ሥራው ተለመደ፣ ዓመትም ሞላው፣ መቀያየሩ ግን «በሚቀጥለው ወር» እየተባለ ይገፋ ነበር፣ እኔም ጓደኛዬ ናት ብዬ አልጨቀጨቅኳትም።

ስልክ መቀበል ቀላል እንዳይመስላችሁ። እናንተ ሬዲዮ ላይ የምትሰሟቸው ደዋዮች ተጣርተው የወጡ ናቸው፣ ወንፊቱ እኔ ነበርኩ። ከወሎ ሰፈር የምትደውል አንዲት ሴት ነበረች፣ ለባሏ ዘፈን ትመርጥለትና ዘፈኑ እኩል ሳይደርስ መልሳ ደውላ «አቁሙት! ተጣልተናል» ትላለች። ከጎተራ የሚደውል አንድ ሰውዬ ደግሞ ነበር፣ «የመጀመሪያው ደዋይ እኔ ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል፣ አይደሉም ካልኩት ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አዎ እለው ነበር። ትንፋሽ ሳይወስድ የራሱን ግጥም የሚያነበንብም ነበረ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሌላ ሰው አነጋግሬ ስመለስ ገና መሃሉ ላይ ነው።

ከሁሉም ግን አስቸጋሪው ጋሽ በላይነህ ነበሩ። ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ቂርቆስ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ የደወሉ ዕለት፣

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከቤትዎ ይደውሉ ነው፣ ማን ልበል?» አልኳቸው።

«ማን ልበል አይባልም። ስምዎን ይንገሩኝ በይ።»

«ይቅርታ፣ ስምዎን ይንገሩኝ።»

«በላይነህ። ለዛሬው ጥያቄ መልስ የለኝም። ያቺ አዘጋጅ እስካሁን ሠላሳ አንድ ጊዜ ‹በቃ› ብላለች፣ ግን አልበቃትም። ያንን ንገሪልኝ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ አየር ላይ አስገባኋቸው። አድማጩ ወደዳቸው፣ ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ቆጠራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ «ዛሬ አርባ ሦስት ‹በቃ›፣ አሥራ ዘጠኝ ‹ማለቴ›፣ ስትናገሪ ግን ምንም ማለትሽ አልነበረም» ይሏታል። ራሄል መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ በኋላ ግን መቆጠሩ እየከነከናት መጣ፣ እሳቸው ሲደውሉ ፊቷ ሲቀየር ስቱዲዮውን ከኔ ክፍል በሚለየው መስተዋት በኩል አየው ነበር። አንድ ጊዜ በጥያቄና መልስ ጃንጥላ ደረሳቸውና አድራሻቸውን መዝግቤ ላኩላቸው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደውለው «ጃንጥላው ሲከፈት ይጮኻል» ብለው አማረሩ። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ራሄል የዕለቱን መግቢያ አንብባ እንደጨረሰች ጋሽ በላይነህን አስገባኋቸው። «ልጄ» አሏት በዚያ ቀስ ባለ ድምፃቸው፣ «ዛሬ ልቆጥርብሽ አይደለም። ይህ የምታነቢው ጽሑፍ ያንቺ አይደለም። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ የሌላ ሰው ነው። የጻፈው ሰው ራሱ ቢያነበው እንዴት ጥሩ ነበር።»

ራሄል ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ፣ እኔ አስጠንቼ ያስነገርኳቸው ነበር የመሰላት። ከዚያ ማይኩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ ከዛሬ በኋላ እዚህ ፕሮግራም ላይ ባይደውሉ ደስ ይለናል፣ አመሰግናለሁ» ብላ ቆረጠችባቸው። እኔ መስመሩን ሳነሳው ገና አልዘጉም ነበር፣ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። «ጋሽ በላይነህ አይቀየሙ፣ እኔ ራሴ ሰኞ እደውልልዎታለሁ» አልኳቸው። «እሺ» ብቻ አሉኝ። ሰኞ አልደወልኩም። ማክሰኞም አልደወልኩም። ሥራ በዛብኝ፣ ከዚያ ደግሞ ዘገየሁ ብዬ አፈርኩ፣ በኋላም ተረሳኝ።

ወር ገደማ አልፎ አንድ ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ፣ አንዴ ብቻ፣ አጭር። ሳነሳው ጋሽ በላይነህ ናቸው። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ሃያ ስድስት» አሉ። ደስ አለኝ፣ «ጋሽ በላይነህ! እንዴት ሰነበቱ፣ ተቀይመውኝ ነው?» አልኩ። «ሃያ ሰባት» አሉ። በቃ፣ ያው አመላቸው ነው ብዬ ተውኩት፣ አየር ላይም አላስገባኋቸውም፣ ራሄል እንዳትናደድ ብዬ ቆጠራቸውን ለብቻዬ ሰምቼ ዘጋሁት።

በየቅዳሜው እንደዚያ ለወራት ቀጠለ። አሁን ሳስበው ከተመለሱ ወዲህ አንድም ጥያቄዬን መልሰውልኝ አያውቁም፣ ያኔ ግን አላስተዋልኩም፣ ድሮስ መች ይመልሱ ነበር? ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ነው። ክረምት ገብቶ ነበር፣ ዝናብ ሲጥል የሁሉም ደዋይ መስመር ይንጫጫል፣ የሳቸው ግን ጥርት ያለ ነው፣ አጠገቤ ተቀምጠው የሚያወሩ ይመስላል። ከድምፃቸው ጀርባ ደግሞ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ይሰማኛል። ብቻቸውን እንደሚኖሩ ነግረውኝ ነበር፣ «እንግዳ አለብዎት እንዴ ጋሽ በላይነህ?» አልኩ። «አሥራ አራት» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የብረት ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ሳለ፣ ሁለት ጊዜ፣ ደረቅ ሳል። ሳሉን አውቀዋለሁ። የማን እንደሆነ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም፣ ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሳስበው ከረምኩ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሰማሁት ሳቅ ነው። የሴት ሳቅ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ አፍንጫ የሚሄድ። የራሄል ሳቅ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ ሃያ ዓመት የሰማሁትን ሳቅ አልስትም። ቀና ብዬ በመስተዋቱ በኩል አየኋት፣ ከአድማጭ የመጣ ደብዳቤ እያነበበች ነው፣ ስለሞተች እናቱ የጻፈ ልጅ ደብዳቤ፣ ፊቷ ኮስተር ብሎ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። በግራ ጆሮዬ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ራሄል ታለቅሳለች፣ በቀኝ ጆሮዬ ከስልኩ ራሄል ትስቃለች። ስልኩን ዘጋሁት።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

በአራተኛው ቅዳሜ ስልኩ ያንን አጭር ጩኸቱን ሲጮህ አላነሳም ብዬ ነበር፣ ግን አነሳሁት። ዘፈን እየሄደ ነው፣ ራሄል ማይኳን አጥፍታ ብስኩት እየበላች ነው፣ በግልጽ ትታየኛለች፣ አፏ ሙሉ ነው። ጋሽ በላይነህ «ሠላሳ ስምንት» አሉ። ከዚያ ከጀርባቸው ማንኪያው ዞረ፣ ወንበሩ ተጎተተ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሳለ፣ ድንገት ሳሉ የማን እንደሆነ መጣልኝ፣ የሥራ አስኪያጃችን ነው።

«በየቀኑ ልናደርገው ነው» አለ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ። «እና ሐሳቡ በመጀመሪያ የማን ነበር?»

«የኔ ነው» አለች ራሄል። «ሁሉም የኔ ነው።»

«ሰብለስ?»

ያ ሳቅ መጣ። «ሰብለ ድምፅ የላትም። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ስልክ ታንሳ። ባይሆን ደግሞ ሌላ ሰው እናምጣ፣ እሷ እኮ አትናገርም፣ ዝም ብላ ነው የምትሄደው፣ አውቃታለሁ።»

ከመስተዋቱ ወዲያ ራሄል የብስኩቱን ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ አራገፈችና አየችኝ፣ ፈገግ ብላም አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ክፍሌ የሚባለው ቴክኒሻናችን አጠገቤ ነበር። ምንም ሳልነግረው ስልኩን ሰጠሁትና «ምን ይሰማሃል?» አልኩት። ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። «ሞቷል እኮ ይሄ መስመር» አለኝ፣ «ቱ እንኳ አይልም። ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።» መልሶ ሰጠኝ። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አሉ ጋሽ በላይነህ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፣ ራሴን ወቀስኩ። ቅናት ነው አልኩ፣ ማይኩን ስለተመኘሁት ጆሮዬ የጓደኛዬን ስም ያጠፋብኛል አልኩ፣ ድካም ነው አልኩ። ራሄል በዚያው ሳምንት ቤቴ መጥታ ራት በላች፣ የጻፍኩትን የቀጣዩን ቅዳሜ መግቢያ አንብባ «አንቺ ባትኖሪ እኔ ምን ይውጠኝ ነበር» አለችኝ፣ እኔም በሐሳቤ በድያታለሁ ብዬ እንባዬ መጣ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ያ አጭር ጩኸት አልመጣም። እፎይ አልኩ።

ያንን ነገር በሰማሁ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ነበር፣ የአድማጮች ደብዳቤ ዝርዝር ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ የለችም፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ሰማሁ። እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ወንበር ተጎተተ። ሰው ሁለት ጊዜ ሳለ።

«በየቀኑ ልናደርገው ነው። እና ሐሳቡ በመጀመሪያ የማን ነበር?»

«የኔ ነው። ሁሉም የኔ ነው።»

«ሰብለስ?»

እመኑኝ፣ ሳቁ ሳይመጣ እኔ ሳቁን ጠብቄዋለሁ፣ «ድምፅ የላትም» የሚለውን ከንፈሬ ከሷ ቀድሞ ተናግሮታል፣ በሩ ላይ ቆሜ ቃሉን አንድ በአንድ እንደ ጸሎት ከፊቷ ከፊቷ እያልኩላት ነበር፣ አንድ ቃል አልተዛነፈም። «ዝም ብላ ነው የምትሄደው፣ አውቃታለሁ» ብላ ስትጨርስ እኔም ጨረስኩ።

ደረጃው ላይ ጠበቅኳት። ስትወርድ አየችኝና «ውይ ሰብልዬ፣ እዚህ ነሽ እንዴ» አለች።

«ሐሳቡ ያንቺ ነው?» አልኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ማለትሽ ነው» ይላል፣ ይክዳል፣ ይቆጣል። ራሄል ያለችው «ማን ነገረሽ?» ነው።

«አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፣ በስልክ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት» ልላት ነበር፣ ዋጥኩት። «በሩ ክፍት ነበር» አልኳት።

«እሺ ስሚኝ» አለች፣ ክንዴን ያዘች፣ «እንዳትቀየሚኝ። አንቺ ሐሳብ አለሽ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣልሻል። እኔ ከድምፄ ሌላ ምን አለኝ? ሥራ አስኪያጁ እኮ የኔ ነው ባልለው ለሌላ ሰው ነበር የሚሰጠው፣ ሁለታችንም እናጣው ነበር።»

«ለምን ሳቅሽ?»

«ምን?»

«ሰብለስ ሲልሽ ለምን ሳቅሽ?»

ክንዴን ለቀቀችው። እኔም እንዳለችው ዝም ብዬ ሄድኩ፣ ይሄው ነው የሚያቃጥለኝ፣ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ፣ እንዳለችው ማድረጌ።

ሥራዬን ለቀቅኩ። ለባለቤቴ፣ ያኔ ከተጋባን ስምንት ወራችን ነበር፣ ሁሉንም ነገርኩት፣ የስልኩን ነገር ብቻ አስቀርቼ። «ተያት፣ ሰው እንደዚህ ነው» ብሎ አጽናናኝ። እኔ ግን አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያስጠነቀቁኝ እኚያ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፣ እንዴት እንዳወቁ ሄጄ ልጠይቃቸው አልኩ። ጃንጥላውን የላክንበት አድራሻ እጄ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ሦስት ቤት ያለበት ጠባብ ግቢ ነው። በሩን የከፈቱልኝ ከሲታ ረጅም ሰውዬ ናቸው፣ ቤታቸው ተቀምጠው ከረባት አስረዋል። ከውስጥ የራሄል ድምፅ ይሰማል፣ ሬዲዮው ተከፍቷል።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ በላይነህ፣ እኔ...»

«አውቄሻለሁ» አሉ። «‹ሰኞ እደውልልዎታለሁ› ያልሽው ነሽ።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አስገቡኝ፣ ሬዲዮውን ቀነስ አደረጉት፣ ሻይ ከፔርሙስ ቀዱልኝ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። «ያን ሰኞ ቀኑን ሙሉ ከዚህ ወንበር ላይ አልተነሳሁም» አሉኝ፣ የሚወቅሱኝ አይመስሉም፣ የሆነውን ነው የሚነግሩኝ። «ማክሰኞም እንዲሁ። በሳምንቱ ማንም ለማይደውልበት ስልክ ምን አስቀመጠኝ ብዬ አስነሳሁት።» አልጋው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ አሳዩኝ። በዳንቴል የተሸፈነች ናት፣ ላይዋ ምንም የለም። ግድግዳው ላይ ሽቦው የነበረበት ቀዳዳ በወረቀት ተወትፏል።

«መቼ ነው ያስነሱት?»

«ስድስት ወር አልፎታል።»

«ጋሽ በላይነህ፣ ይደውሉልኝ ነበር እኮ። እስካለፈው ወር ድረስ። በየቅዳሜው።»

ቆጣ አሉ። «እኔ ዋሾ ነኝ? በምን እደውላለሁ? ከተዘጋብኝ ወዲህ የማንንም ስልክ ነክቼ አላውቅም።»

«ሃያ ስድስት ብለው ሃያ ሰባት አሉኝ። ከዚያ ደግሞ አሥራ አራት። መጨረሻ ላይ ሠላሳ ስምንት ብለው ሠላሳ ዘጠኝ።»

ሻዩን ወደ አፋቸው እየወሰዱ ነበር፣ መለሱት። ከዚያ ተነሥተው ከትራሳቸው ሥር ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገለጡ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ በዚያ በሚያምር የመዝገብ ቤት ሰው ጽሕፈት። ሃያ ሰባት አለ። አሥራ አራት አለ። ሠላሳ ዘጠኝ አለ።

«ለማን ነበር የሚናገሩት?» አልኩ።

«ለሬዲዮው» አሉ። አፈሩ። «ሰው ብቻውን ሲሆን ይናገራል ልጄ። እዚህ ተቀምጬ ‹በቃ› ስትል ጮክ ብዬ እቆጥርባታለሁ፣ ከዚህ ክፍል ውጪ የሰማኝ ሰው የለም።»

«ሌላ ድምፅስ ከሬዲዮው ይሰሙ ነበር? ከሷ ሌላ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማይክ መዝጋት ትረሱ የለም እንዴ? አንዳንዴ ከንግግሯ ሥር ሰዎች ሲነጋገሩ እሰማለሁ። ስሕተት ስለሆነ ጻፍኩት።» ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። «ሴት፦ ድምፅ የላትም፣ ስልክ ታንሳ። ወንድ፦ ሁለት ጊዜ ሳለ» ይላል። ቀኑ ያ ቅዳሜ ነው፣ ቴክኒሻኑ ክፍሌ ስልኩ ሞቷል ያለበት ቅዳሜ፣ እነሱ ቢሮ ውስጥ ከመነጋገራቸው አሥራ ሁለት ቀን በፊት።

ሬዲዮው ውስጥ ራሄል ትስቃለች፣ በጻፍኩላት ሳይሆን በሌላ ሰው ጽሑፍ። ጋሽ በላይነህ ገጽ ገለጡ፣ ሌላም ገለጡ፣ እንደዚያው የተጻፈ ሌላ መስመር ላይ ቆሙ።

«ስምሽ ሰብለ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ባለትዳር ነሽ?»

«አዎ።»

«የባለቤትሽ ስም ማነው?»

«ሰለሞን» አልኩ።

ገጹን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ደብተሩን ዘጉት። «እንዲያው ነው» አሉ፣ ፈጠን ብለው፣ እሳቸው ደግሞ ፈጥነው የሚናገሩ ሰው አይደሉም፣ «ሰለሞን የሚባል ሰው ሞልቷል። ሻይ ልጨምርልሽ?»

«ምን ይላል ጋሽ በላይነህ?»

«ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ላሙቅልሽ» ብለው ፔርሙሱን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ነው የወጡት፣ ከእጄ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ። ሆን ብለው ይሁን ረስተውት አላውቅም። ከውጭ ክብሪት ሲጫር ሰማሁ፣ ለረጅም ጊዜ አልተመለሱም። እኔ፣ ማስረጃ ካላየሁ የማላምነው፣ ያቺ የሒሳብ መምህሩ ልጅ፣ እጄን አነሳሁና ልባሱ ላይ አሳረፍኩት። አልገለጥኩትም። ተነሥቼ በሩን ቀስ ብዬ ወጣሁ፣ እሳቸው ምድጃው ላይ አጎንብሰው ነበር፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ቀናም አላሉም።

በኋላ ያ ሰፈር ፈረሰ። ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፣ እሳቸው የት እንደደረሱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፣ ቢነግሩኝ እንኳ የምሄድ አይመስለኝም። ራሄል አሁንም ሬዲዮ ላይ አለች፣ ታክሲ ውስጥ ስሰማት ወራጅ እላለሁ።

ሰለሞን ደግ ሰው ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ ልጆቹን ያጥባል፣ እናቴን ከኔ በላይ ይጠይቃል፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ክፉ ነገር አላየሁበትም፣ እመኑኝ አንድም። ግን በረንዳ ላይ ሆኖ ስልክ ሲያወራ የወጥ ቤቱን ቧንቧ እዘጋለሁ፣ ለምን እንደምዘጋው ለራሴ ሳልነግር። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ቆሜ ሳለሁ ዘግቶ ዞር ሲል አየኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። «ማን ነበር?»

«ወንድሜ ነው» አለ፣ ስልኩንም ኪሱ ከተተው።

ወንድሙ ይሆናል። ቧንቧውን መልሼ ከፈትኩትና ሳህኔን ማጠብ ቀጠልኩ።